ማሽኑ የተዋት አበባ

እህቴ፣ አንቺም እናት ነሽ አይደል? እስቲ ስሚኝና ፍረጂ፤ እኔስ ግራ ገብቶኛል።

ልጄ ዙምራድ ንድፍ አውጪ ናት። ታሽከንት ተምራ ወደ ከተማችን ወደ ኑራታ ተመልሳልኛለች፣ አልሃምዱሊላህ። እሷ ጨርቁ ላይ አበባውን በእርሳስ ትስላለች፣ የሰፈራችን ሴቶች በሐር ክር ይጠልፉታል። ሱዛኒ ነው የምንለው፤ ሙሽራ አልጋዋ ላይ የምታነጥፈው። ጠላፊዋ ሁልጊዜ አንዲት አበባ ሳትሞላ ትተዋለች። የሴት ልጇ ዕድሜ እንዳያጥር ነው፣ ዱዓ በይው።

በመኸር አንድ የሆቴል ባለቤት መጣ። ለክፍሎቹ ሁሉ ሱዛኒ ፈለገ፣ ለጸደይ በዓላችን ለኑሩዝ የሚደርስ። በእጅ የት ይደርሳል! "በማሽን ይጠለፍ፣ ብቻ 'በኑራታ እናቶች እጅ የተሠራ' ተብሎ ይጻፍበት" አላት። ሴቶቹም ሳይሠሩ ለስማቸው ብቻ ይከፈላቸዋል። ዙምራድ ደግሞ ስሟ ሊወጣ፣ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ነው።

ናሙናዎቹ ሲመጡ ከጠላፊዎቹ ጋር እኛ ቤት ተሰብስበን አየናቸው። ማሽኑ የገለበጠው የጎረቤቴን የሮቢያን ሱዛኒ ነበር። ሮቢያ አንዱን ዘረጋች። ሌላውን ዘረጋች። ሌላም። ሁሉም ላይ ያቺው አንዲት አበባ ሳትሞላ ቀርታለች።

"ዙምራድ፣ ይቺን አበባ ማነው የተዋት?"

"ማሽኑ ነዋ፣ እትዬ ሮቢያ። እንዳለ ነው የሚገለብጠው።"

"እኔ እኮ የተውኳት ልጄ ሙሃዮ ምጥ ይዟት የተጨነቅኩ ለት ነው። ማሽን ልጅ አለው እንዴ?"

ሌላዋ ጠላፊ ኦይዲን ምላሷ አያርፍም። "ምን አለበት? ሙሃዮ በየክፍሉ አንድ አንድ ዕድሜ ተጨመረላት!" አለች።

ሳቅን። ሮቢያም ሳቀች፣ ግን ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ዙምራድን አየቻት። "እጄ ያልነካውን እጇ ነው የሠራው አትበይብኝ፣ ልጄ።"

"ኧረ ተይን!" አለች ኦይዲን። "የኔ ዓይን የመርፌ ቀዳዳ ማየት ትቷል። ክረምት ሲመጣ ያንቺ እውነት ነው ቤቴን የሚያሞቀው?"

ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ዙምራድ ወደኔ ዞረች።

"እማ፣ ምን ልበለው?"

"እኔ እንጃ። ውሸት ሐራም ነው። ጎረቤት ማስራብም ሐራም ነው።"

"አሁን መለስሽልኝ ማለት ነው?"

ተነስታ ግቢ ወጣችና ለሆቴሉ ባለቤት ደወለች። በመስኮት ሰማኋት፤ "ማሽኑ ይሥራው፣ የእናቶቹ ስም ግን አይጻፍበት" አለችው። እንደገናም አለችው። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። ሰውየው ዘግቶባታል።

ይኸው ሥራው ቀረ። ሮቢያ ልጄን ባየች ቁጥር ትመርቃታለች። ኦይዲን ሰላምታችንን አትመልስም፣ እኔም አልፈርድባትም። ዙምራድ ምግብ ትነካካና ትነሳለች። "ደግ አደረግሽ" ልላት አፌን እከፍትና የኦይዲን ምድጃ ትዝ ይለኛል፤ "አጠፋሽ" ልላት ስል ደግሞ ሮቢያ። በየሶላቴ አላህን እጠይቀዋለሁ፣ እስካሁን ልቤ አልረጋም።

ለጊዜው ሴት ልጁን የሚድር ሰው ካወቅሽ፣ ሱዛኒዋን በእጅ እንድንጠልፍለት እባክሽ ወደኛ ላኪልኝ።