ስለ አይጧ ያልነገርኩት

ባሌ በያጅ ነው። የጋዝ ሲሊንደር አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው ከደነቆረ ወዲህ የምንነጋገረው በደብተር ነው፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የእኔ ሥራ ደግሞ ስለ መስማት በሚጠናበት ቤተ ሙከራ እንስሳት መመገብ ነው። ተመራማሪዎቹ ዘማሪ ወፎችንና የበረሃ አይጦችን በከባድ ድምፅ ያደነቁሩና የትኛው እንደሚድን ያወዳድራሉ። አልወደውም፤ ግን ሥራ ነው።

መስማታቸውን የምፈትነው በእህል ጣሳ ነው፤ ከጀርባቸው ሆኜ መታ መታ አደርገዋለሁ። በአራተኛው ሳምንት አንዷ ወፍ ዞረች። ተመራማሪዋ የወፍ ጆሮ ውስጡ የሞተውን መልሶ እንደሚያበቅል አስረዳችኝ። አይጧስ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

"የአይጥ አይበቅልም። የእኛም እንደዚያው ነው።"

ቤት ገብቼ የጻፍኩት ግን "ወፏ ሰማች" ብቻ ነው። የባሌ ፊት በራ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ስለ ወፏ ይጠይቀኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ፈሪዋ ንጋቱን ላዘገየው ሞከርኩ።

በሦስተኛው ወር አሠሪው በቆርቆሮ መቁረጫ ክፍል ጆሮ የማይጠይቅ ሥራ ሰጠው። ልድን ነው፣ ወደ ቦታዬ ነው የምመለሰው ብሎ እምቢ አለ። ያኔ ጥፋቴ ገባኝ።

በማግስቱ ቤተ ሙከራው ይዤው ሄድኩ። ጣሳውን ራሱ መታ፤ ወፏ ዞረች፤ ሳቀ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የሁለቱ አይጦች ሳጥን ወሰድኩት። መታ። ሁለቱም ጀርባቸውን እንደሰጡት አሸዋቸውን ይጭራሉ። ደግሞ መታ። ደብተሩን አውጥቼ "የሰው ጆሮ እንደነሱ ነው። ካወቅሁ ቆየሁ" ብዬ ጻፍኩ።

አንብቦ ደብተሩን መለሰልኝ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ በወፍ ደለልሽኝ?"

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ጣሳው ያላዞራት አንዷ አይጥ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በኋላ እግሮቿ ወለሉን ደበደበች። ጀርባዋን የሰጠቻት ጓደኛዋ ወዲያው ጉድጓዷ ገባች። የባሌ መዳፍ ንዝረቱን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

"እነዚህም ደንቆሮ ናቸው?" አለኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎ አልኩት።

ለሳምንት አኮረፈኝ። ሰኞ ግን ቆርቆሮ ሊቆርጥ ሄደ። ማታ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ደብተሩን አላወጣሁም። የሳንቃውን ወለል በተረከዜ ሁለቴ መታሁት።

ዞረ።