ማኅተም የሌለው ሥዕል

«ኧረ ባክሽ ደስታነሽ፣ እጅሽን አንሺ!»

ደስታነሽ አላነሳችም። አውራ ጣቷ የስልኩ ድምፅ መጨመሪያ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ጽሑፍ ግልጽ ነው፤ ላይኛውን ከተጫነች የስልኩ ቁልፍ ይፈታል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ታችኛውን ከተጫነች ምንም አይሆንም። ገጹን ያወጣችው ሆን ብላ ነው። የቀድሞ አሠሪዋ ላቀው ሲያልበው ማየት አምሯት ነበር፤ አየች፤ ደስም አላት።

«የማን ስልክ ነው አልከኝ?»

«የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ የእጮኛዬ አባት። ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን ነው። የሞቱት መምህራቸው ዜማ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ልጃቸውን አይሰጡኝም። እሳቸውም አብረውኝ መጥተዋል፤ መናኸሪያው ጋ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል።»

አማቱን አስደስታለሁ ብሎ ነው እንግዲህ። ስልኩ ሲበራ የፋብሪካው ዓርማ ቀርቶ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል እንዲመጣ፣ ከሥሩም የራሱ ሱቅ ስም እንዲጻፍ ፈለገና ጫነበት። ስልኩ ግን አልነሳም አለ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልሞከረው የስልክ ጠጋኝ የለም፤ ቢቸግረው ቡሬ፣ እሷ ሱቅ ድረስ መጣላት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተህ ይህን አታውቅም?» አለችው። «ስልክ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ቺፑ ነው። ፋብሪካው የቀረጸበት፣ ማንም የማይፍቀው ቁልፍ አለው። በዚያ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ያጣራል፤ ያ ደግሞ ተከታዩን። የፋብሪካው ማኅተም የሌለበት ነገር ካገኘ እዚያው ይቆማል። የመልአክ ሥዕል ነው ብሎ አያሳልፍም።»

«አጠፋሁ በቃ! አንቺ ትችያለሽ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

አጠፋሁ! ይህችን ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ቢላት ኖሮ! ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም፣ በእሱ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የአንዲት ደንበኛን የግል ፎቶ ከስልኳ አውጥቶ ለጓደኞቹ የላከው እሱ፣ ስሟ የጠፋው ግን የደስታነሽ። «ደስታነሽ ናት» አለ፤ አንድ ሰው እንኳ ሳያጣራ አመነው። እጮኛዋ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ። አባቷ ሰው ፊት መቀመጥ አፍረው ከሰንበቴ ቀሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

መሪጌታ መጠበቅ ሰልችቷቸው ኖሮ የሱቁን መጋረጃ በዱላቸው ገለጥ አድርገው ገቡ።

«እንደምን ዋላችሁ? ምን ሆኖ ነው ይኸ ስልክ?»

ላቀው ቀደማት። «ትንሽ ነገር ነበረው መሪጌታ፤ እሷ ስትነካካው ባሰበት።»

ደግሞ! ደሟ ፈላ። አንዴ ብትጫነው ሠርጉም ዜማውም አብሮ ያልቃል። ይበለው! ግን ሽማግሌው ስልኩን የሚያዩት የታመመ ልጁን እንደሚያይ ሰው ነው። የእሳቸው ጥፋት ምንድን ነው? ታችኛውን ተጫነች።

ገመድ ሰክታ በመጀመሪያ የላቀውን ሥዕል ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች፤ ለደግ አይደለም። ከዚያ የፋብሪካው ማኅተም ያለበትን ፋይል መለሰችበት። ስልኩ ተነሳ። መሪጌታ አንዱን ቅጂ ከፈቱ፤ የአዛውንት ድምፅ ሱቁን ሞላው። «የኔታ» አሉና ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ተመስገን! እንሂድ እንግዲህ» አለ ላቀው።

ደስታነሽ ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌው አዞረች። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ቆሟል። ከሥሩ በትልልቁ «መልካም በዓል፤ ከላቀው ሞባይል» ይላል።

«ስልክዎን ያስቆመው ይኸ ነው መሪጌታ። እኔ ስነካካው አይደለም።»

መሪጌታ ቀስ ብለው አነበቡት፤ ደገሙት። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ሰው ድሮም ታውቂዋለሽ?»

«ደስታነሽ» አለ ላቀው ድምፁ ተሰብሮ፣ «በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

«በየትኛው? በዚህ?» አለችው ሥዕሉን እያሳየች።

በርጩማውን በእጇ ጠርጋ ለመሪጌታ አቀረበችላቸው።

«ይቀመጡ አባቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»