ባናው ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ

ለዘመሮ ከተማ ነዋሪ፣ ለገበያተኛው፣ ለአህያ ነጂውና ለበግ ሻጩ ሁሉ ይሰማ! በዛሬው የገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በአዳራሹ ግድግዳ አንድ ወረቀት በሰላም ተለጥፏል። ቁመቱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። ማኅተምም አለው።

የለጠፈው የሥዕል ዐውደ ርዕዩ አስተባባሪ አትናቴዎስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሕይወቱ ሥዕል ሥሎ አያውቅም፤ ስለ ሥዕል ሲያወራ ግን ትንፋሽ አያጥረውም። ገበሬው ጫኔ የሣለውን ሥዕል ሰቅሎ ውኃ ሊጠጣ ወጣ ሲል ማብራሪያ ጻፈለት። ከሥሩ ቢለጥፈው ምናለ? የለም። "ዐይን የሚያርፈው እዚህ ነው" ብሎ ከራሱ ከሥዕሉ ላይ፣ ከታችኛው ቀኝ ጥግ ለጠፈው።

ጫኔ ተመልሶ ሲያይ ክው አለ።

ሥዕሉ ላይ ሁለት ወንድማማች ልጆች ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ጥቁር ባና ደርበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ወረቀቱ በሸፈነው ጥግ ላይ ባናው ተቃጥሎ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ያቃጠለው ጫኔ ነበር። "እኔ ነኝ" ብሎ የተገረፈው ግን ታላቅ ወንድሙ ዱባለ ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። ሁለቱ ደግሞ በገብስ ማሳ ድንበር ከተጣሉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ አፍሮ ተመልሷል። ጫኔ ቃል ሲያልቅበት ብሩሽ አነሣ። ዱባለ ዛሬ በግ ሊሸጥ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ የሚገባበትን አዳራሽ ሳያይ አይመለስም። ማንበብ ግን አይችልም።

"አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር አንሣልኝ።"

"ጋሽ ጫኔ፣ እርስዎ ሣሉት እንጂ ምን እንደሚል አያውቁም እኮ" አለ አትናቴዎስ በትዕግሥት። "ይስሙኝ፦ 'ሥራው የዘመኑን ሰው ኅልውናዊ መገለል ከድኅረ ዘመናዊነት ማዕዘን ይሞግታል። ጥቁሩ ቁስ አካል የባዶነት ተምሳሌት ነው።'"

"ጥቁሩ ባና ነው።"

"እሱ ላይ ላዩን ሲታይ ነው።"

"ታዲያ ባና ሆድ ውስጥ ነው እንዴ የሚለበሰው?"

"ዳኞቹ እየመጡ ነው። ማብራሪያ የሌለው ሥዕል ወደ ደብረ ብርሃኑ ውድድር አያልፍም። በቃ!"

ይህን ሲባባሉ እማሆይ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እሳቸው በሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ከሥዕል ጋር የሚጻፈው የቅዱሱ ስም ነው።

"ልጄ፣ ስማቸውን ማን ይላል?"

አትናቴዎስ አንባቢ በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ "ኅልውናዊ መገለል ይላል፣ እማሆይ" አለ።

"በረከታቸው ይደርብን። በዓላቸው በስንት ይውላል?"

አትናቴዎስ ወረቀቱን መልሶ አነበበ። ያ ሁሉ ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ሊያዋጣለት አልቻለም። እማሆይ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ተሳለሙና ወጡ። የተሣሉትን ልጆች ዞር ብለው እንኳ አላዩዋቸው።

ያን ጊዜ ነው ዱባለ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ብቅ ያለው። ወንድሙን አላየውም፤ አላየሁህም በሚል አኳኋን ነው ያላየው። ከሥዕሉ ፊት ሲደርስ ዐይኑ እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ የቀበሌ መጥሪያ ሳይመስለው አልቀረም። ሊመለስ እግሩን አነሣ።

ጫኔ ዘሎ ወረቀቱን ገነጠለው።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለ አትናቴዎስ።

ዱባለ ቆመ። ቀዳዳውን አየው። ጣቱን ዘረጋና ሳይነካው መለሰው።

"አባባ በምን ነበር የገረፉኝ?" አለ፣ ዐይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል።

"በበሬው ጅራፍ።"

"የረሳኸው መስሎኝ ነበር።" ዱላውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። "በጉን ልሽጥና እመጣለሁ። እንዳትሄድ።"

ጫኔ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ዱባለ እንደ ወጣ አትናቴዎስ እስክሪብቶና አዲስ ወረቀት ይዞ አጠገቡ ተገተረ።

"ጋሽ ጫኔ፣ ሰውዬው ምን ታይቶት ነው? ቀዳዳው ምንን ይወክላል? ሁለት መስመር ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ አሰፋዋለሁ። ያልፋሉ! ዳኞቹ በር ላይ ናቸው፤ እባክዎ ያስረዱኝ።"

"አላስረዳም" አለ ጫኔ።