በጥርስ የተያዘች ባትሪ

ጋሽ ሱሌማን ከኪሳቸው ባትሪ አይጠፋም። አውራ ጣት የምታህል ናት፤ ገርጂ ባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቃቸው የሽቦ ካርቶን ሲከፍቱ በምርቃት ያገኟት። ቦሌ ቡልቡላ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ግድግዳ እየዳበሰ ደረጃ ሲወጣ፣ እሳቸው ቦግ አድርገው ሽቅብ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ጉሮሮዋን ያመማት የጎረቤት ልጅ አፍ፣ ሁሉም የሚታየው በእሷ ነው። ሰፈሩ "ጋሽ ባትሪ" ይላቸዋል። ስልክዎ መብራት አለው አይደል ወይ ሲሏቸው፣ "ስልክ በጥርስ ይያዛል?" ብለው ይመልሳሉ።

አሁንም በጥርሳቸው ይዘዋታል፤ የሚያስቅ ነገር ግን የለም። ሰዓቱ ገና እኩለ ቀን ነው። ይሁን እንጂ መብራት የለም፣ ሬሳ የሚታጠብበት የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት የጓዳ ክፍል ደግሞ መስኮት የለውም። አግዳሚው ላይ የተኛው ሚስባህ ነው፤ ከእሳቸው በታች ያለው ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር፣ ማዶ በሚሠራው ሕንፃ የሲሚንቶ ሚክሰር ላይ የሚውል ጎልማሳ። በሰፈሩ ሙስሊም ወንድ ሲሞት የሚያጥቡት ጋሽ ሱሌማን ናቸው። ውሃውን የሚያፈስላቸው የሟች ታናሽ ወንድም ኑሪ ነው። ሥራ ፍለጋ ከስልጤ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው።

ሚስባህን ጠዋት በመኪና ያመጣው የሕንፃው ፎርማን ያፌት ነበር። ትኩሳት ይዞት ነበር፣ እንደተቀመጠ ተዘረረ፣ ክሊኒክ ስናደርሰው አልቋል አሉን፣ አለ። ሰውም አመነ። ለቀብር ከመጣደፍ በቀር የጠየቀ የለም።

ጋሽ ሱሌማን በቀኝ በኩል ማጠብ ጀመሩ። የሚስባህ ቀኝ እጅ ተጨብጦ ደርቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያባበሉ ሲከፍቷቸው የባትሪዋ ብርሃን መዳፉ ላይ አረፈ። መሀል ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋ ነጭ፣ ጠርዟ የተቃጠለ። ወደ እግሩ ወርደው ውስጥ እግሩን ገልበጥ አድርገው አዩ። እዚያም አለ። እንዲህ ያለውን ቃጠሎ ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዟቸው በሌባ ጣታቸው ላይ የቀረ ጠባሳ አላቸው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ለዚያ ሕንፃ ሽቦ የሸጡት ራሳቸው ናቸው። ያፌት መጥቶ ረከስ ያለውን ሲመርጥ "የሲሚንቶ ሚክሰር ይሸከማል?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ውፍረት ውሸት እንደሆነ፣ የፕላስቲክ ልባሱም ውሃና ፀሐይ እንደማይችል እያወቁ፣ "ይሸከማል" አሉት። አንዲት ቃል ናት። ገበያ የቀዘቀዘበት ሰው የማይላት የለም።

ፈሩ። ሱቃቸው፣ ስማቸው፣ የልጆቻቸው ፊት ባንድ ጊዜ ድቅን አለባቸው። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ተነፈሱ፤ ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ያየውን አይናገርም። የሟችን ገመና መሸፈን የእጥበቱ ወግ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀውታል፤ እንደዛሬ ግን ወደውት አያውቁም። ጣቶቹን መልሰው አጠፉ። ባትሪዋ አፋቸው ውስጥ ስለሆነች ደግሞ ኑሪ እንዲናገሩ አይጠብቅም።

አጥበው መዓዛ ያለውን ካፉር ነሰነሱበት፤ ነጩን የከፈን ጨርቅ አንጥፈው ሚስባህን አሳረፉበት። ሊጠቀልሉት ሲሉ በሩ ገርበብ አለና ያፌት አንገቱን አስገባ። ሲያለቅስ እንደቆየ ዓይኑ ይመሰክራል።

"ኑሪ፣ ፈጣሪ ያጽናህ። ሐዘኑ ቀለል ሲልልህ ብቅ በል። የወንድምህን ቦታ ለሰው አልሰጥም፤ ሚክሰሩ ላይ አንተ ትሆናለህ።"

"እሺ ፎርማን። አላህ ይስጥልኝ" አለ ኑሪ፤ ባዶውን ጆግ ደረቱ ላይ አቅፎ።

ያፌት ሄደ። ጋሽ ሱሌማን ከፈኑን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ባትሪዋን ከጥርሳቸው አውጥተው በኩታቸው ጠረጓት።

"በሩን ዝጋው። ና ወዲህ።"

የሚስባህን እጅ ከነጩ ጨርቅ ውስጥ አውጥተው ከፈቱት። ባትሪዋን ለኑሪ ሰጡት።

"መዳፉን እይ።"

ኑሪ ጎንበስ ብሎ አየ። "ምንድን ነው ጋሼ?"

"ኤሌክትሪክ ነው። ወንድምህን ትኩሳት አልገደለውም። እግሩም ላይ አለ።"

"ሚክሰሩ ነው?"

"እሱ ነው። አሁን ደግሞ አንተን እዚያው ላይ ሊያቆሙህ ነው።"

ኑሪ ወደ በሩ ዞረ። ያፌት ያለው ከዚያ በር ወዲያ ነው። ጋሽ ሱሌማን እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ጣጣው በሙሉ የያፌት ይሆን ነበር፤ ያንንም አላጡትም። የልጁን እጅጌ ያዙ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሽቦውን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ይሸከማል ያልኩትም እኔ ነኝ። እንደማይሸከም አውቅ ነበር።"

ብርሃኑ ከመዳፉ ተነሥቶ በከፈኑ ላይ አልፎ ፊታቸው ላይ ቆመ። ዓይናቸውን አቃጠላቸው፤ እንባቸው ወረደ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

"ሊደብቁት ነበር" አለ ኑሪ።

"አዎ።"

ከውጭ አንድ ሰው ሶላቱ እየደረሰ ነው ብሎ ተጣራ። ኑሪ እጅጌውን ከእጃቸው አላቀቀ።

"ይሂዱና ውጭ ላሉትም ይንገሩ። እስኪነግሯቸው ወንድሜ ከዚህ አይወጣም።"

ባትሪዋን አልመለሰላቸውም። ብርሃኑን ወደ ወንድሙ እጅ አዙሮ አጠገቡ ተንበረከከ። ጋሽ ሱሌማን በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ በሩ ሄዱ።