በበዓለ ሃምሳ ጎንበስ ቀና

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ አልፎ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነው። ጨው ነጋዴዋ ናዚፋ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ስትመለስ ወይዘሮ ካሰች ደጅ ቆመች።

«እሜቴ፣ ያ የልጅ ልጅዎ፣ ያ ንብረት፣ ምን ነካው? መሥሪያ ቤቱ ግቢ ተሰልፎ ለአለቃው ይሰግዳል እኮ!»

ወይዘሮ ካሰች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በበዓለ ሃምሳ ለፈጣሪ እንኳ አይሰገድ፣ ለሰው? ደግሞስ በየትኛው ወገቡ! ቀኑን ሙሉ ጽሕፈት መኪና ላይ ተደፍቶ ውሎ እያቃሰተ ለሚገባ ልጅ! በኑግ ዘይት እያሹ ያቆሙትን ወገብ አንድ ሹም ሊሰብርባቸው! ነጠላቸውን አጣፍተው ገሰገሱ።

እውነትም ጸሐፊዎቹ ተሰልፈዋል። ከገጠር ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ሲፈጅ ያረፈደው ሁሉ ጣቱን ከመሬት ያስነካል። አለቃው አቶ ገብረሰንበት ግን ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሳለ በላንድሮቨር ተጭነው የሚመጡ፣ ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚገባ ሰው ናቸው። ጥላ ሥር ወንበራቸው ላይ ተንሰራፍተው፣ «ጎንበስ! ቀና!» ይላሉ።

«ምንድን ነው ይኸ ጉድ?»

«ስፖርት ነው፣ እናቴ። ሠራተኛ ተቀምጦ ሲውል ደሙ ይረጋል። በሥራ መሃል ጥቂት ሲንቀሳቀስ ጤና ያገኛል።»

«እሰይ! ይኸን ያህል ተቀምጠው የአንቱ ደም ታዲያ ምነው እስካሁን እርጎ አልሆነ?»

ጎንበስ ያለው ሁሉ እንዳጎነበሰ ሳቀ። አቶ ገብረሰንበት ፊታቸው ጠቆረ።

«ንብረት! ከዛሬ ጀምሮ እንዳትወጣ። ሌላው ሲንቀሳቀስ አንተ ቁጭ ብለህ ጻፍ!»

ወይዘሮ ካሰች ድል አድርገው ተመለሱ። ንብረት ግን ሲመሽ ወገቡን ይዞ ገባ።

«ምን በደልሁዎት እምዬ? የሚያመኝ መቀመጡ ነው። ፋታ የምትሰጠኝ ያቺው ጎንበስ ቀና ነበረች።»

«ወግድ! መቀመጥ ካሳመመማ መኳንንቱ ሁሉ በቃሬዛ በሄዱ ነበር!»

ይህን ይበሉ እንጂ፣ ጫማውን ለማውለቅ ማጎንበስ ሲያቅተው ሲያዩ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አወለቁለት።

በማግስቱ በዚያችው ሰዓት ከች አሉ። ሌሎቹ ግቢ ውስጥ ይንጠራራሉ፤ ከውስጥ አንዲት ጽሕፈት መኪና ብቻዋን ትንጣጣለች። በመስኮት ተጣሩ።

«ንብረት! ልጠይቅህ መጥቼ ነበር፤ መሄዴ ነው። አትሸኘኝም?»

አቶ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግን አሮጊት አይሸኝ ብሎ የሚያዝ ማን ደፋር ነው? ንብረት ወጥቶ እስከ ቡሬ መንገድ ሸኛቸው። እሳቸውም ብቻውን አይመለስም ብለው መልሰው እስከ በሩ ሸኙት። በማግስቱም፣ በማግስቱም እንዲሁ።

«እምዬ» አለ አንድ ቀን እየሳቀ፣ «ይኸ እኮ ያው ስፖርት ነው።»

«አፍህን ያዝ! ስፖርት የሥራ ፈት ነው። ይኸ መሸኘት ነው። ይልቅ ቀጥ በል፤ እጅህንም አወዛውዝ!»