የትንፋሽ ልክ

ኦሪን በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ተንበርክኮ ከንፈሩን ወደ ዓሣ ወጥመዱ ቆርቆሮ አስጠጋና እፍ አለባት፤ ቀስ ብሎ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው። ቆርቆሮዋ አንገቷን ደፋች፣ መልሳም ቀና አለች። ሚስቱ ማርሊስ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ ታያለች። እፍ ያለው በእሷ ቆርቆሮ ላይ አልነበረም።

የግሌንዳ ነበር። ግሌንዳ ባሏ ከሞተ ሁለት ክረምት የሆናት፣ ዘንድሮ ከሐይቁ ማዶ ቤት ገዝታ የገባች ሴት ናት። በረዶው ላይ ጉድጓድ የበሳላት ባለፈው ቅዳሜ ኦሪን ነው። ያን ዕለት «ወይዘሮ» ይላት ነበር። ዛሬ በስሟ ጠራት።

ወጥመዱ ቀላል ነገር ነው። በጉድጓዱ አፍ እንጨት ይጋደማል፤ እንጨቱ ላይ ክንድ አለ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ መዳፍ የምታክል ቆርቆሮ። ነፋስ ቆርቆሮዋን ሲገፋት ክንዱ ይወዛወዛል፤ ከታች መንጠቆው ላይ ያለችው ትንሽ ዓሣ ነፍስ እንዳላት ትዘላለች። ትልቁ ዓሣ ሲነክሳት እንጨቱ ላይ የታጠፈው ቀይ ባንዲራ ብድግ ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን ክንዱን በያዘው ሞላ ላይ ነው። ከጠበቀ ቆርቆሮዋ ድርቅ ትላለች፤ ከላላ እንደ እብድ ትንቀጠቀጣለች። የሚያውቅ ሰው ነፋስ ሲያርፍ ጠብቆ፣ የሞላውን ማጥበቂያ ዳዶ እያዞረ እፍ ይልባታል። በአንድ ትንፋሽ አንዴ እጅ ከነሳች ልኳ ያ ነው።

ዘዴው ከማርሊስ አባት የመጣ ነው። ከእሷ በቀር ለማንም አላሳየም። እሷም በሠርጓ ክረምት ለኦሪን ሰጠችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእሷን ሞላ የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ጠዋት፣ ከራሱም በፊት። ፍቅር የሚያወሩ ሰዎች አይደሉም። ወሬያቸው ይኸው ነበር።

«ማርሊስ፣ ባልሽ ወናፍ ሆኗል» አለ ጎረቤታቸው ዌንደል፣ የተገለበጠ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ። «ለእኔም እፍ ይበልልኝ እንጂ፤ ከንፈሬ ደርቋል።»

«ያንተን ከንፈር ውሻህ ይላስልህ።»

ዌንደል ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ግሌንዳ ደግሞ በተራዋ ተንበርክካ እፍ ትላለች፤ ኮፍያዋ ከኦሪን ኮፍያ ሊነካካ ምንም አልቀረው።

ኦሪን በመጨረሻ መጣ። «ያንቺንም ልይልሽ?»

ልይልሽ? ጠይቆ ያውቃል?

«ደህና ነው» አለች። ደህና አልነበረም። እሱም ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ለምሳ ሁሉም ወደ ዌንደል ጎጆ ሲገቡ እሷ «እመጣለሁ» ብላ ቀረች። በዚህ ሐይቅ የሰው ወጥመድ አይነካም። አባቷ ወጥመዱን የነካበትን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሰላም ሳይለው ነው የሞተው። ይህን እያወቀች ወደ ግሌንዳ ጉድጓድ ሄደች። ዳዶው ትንሽ ነው፣ በጓንት አይጨበጥም። ጓንቷን በጥርሷ ሳበችና ሦስት ዙር አጠበቀችው። በእንዲህ ያለ ብርድ ብረት በባዶ እጅ እንደማይነካ ሕፃን ያውቃል። እጇን ስትስብ ጣቷ ቀረ። መነጨቀችው። ዳዶው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ተጣብቆ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ነፋሱ በረታ። የእሷ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የግሌንዳዋ ድርቅ ብላለች። እጇን ኪሷ ከትታ ጣቷ እየነደዳት፣ ሆዷ ግን ቅቤ ጠጣ።

«ባንዲራ!» አለ ዌንደል።

የግሌንዳ ነበር። ሁሉም ሮጡ። ግሌንዳ ክሩን ሳበች፣ ሳበች፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ በረዶው ላይ ተዘረጋ። ዓሣ አንዳንድ ቀን የሚዘለውን ትቶ ዝም ያለውን ይወዳል። ማርሊስ ይህንንም ታውቅ ነበር፤ ቅናት አስረስቷታል።

«ቆርቆሮዋ እኮ አልተንቀሳቀሰችም» አለች ግሌንዳ።

ኦሪን ጎንበስ አለ። ዳዶውን ሊነካ የዘረጋው እጁ መንገድ ላይ ቀረ። «ነክተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ! እፍ ብቻ ነው ያልኩት፣ እንደ ማርሊስ አባት።» ወደ ማርሊስ ዞራ ፈገግ አለች። «ፂማቸው ላይ በረዶ ይሠራ ነበር አሉ፤ እፍ ሲሉ የሚንሿሿ።»

ኦሪን ከቀብሩ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ የአባቷን ስም አንስቶ አያውቅም። ፂሙን የረሳ መስሏት ነበር። ለካ አልረሳም። የሚነግረው ሰው ነው ያጣው።

«ጓንትሽ የታለ?» አላት ኦሪን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«እጅሽስ?»

ማርሊስ ወደ ራሷ ጉድጓድ ሄዳ ተንበረከከች። የሚደማውን ጣቷን አጥፋ የራሷን ዳዶ በመሐረብ ያዘችና አዞረችው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። በጣም ጠበቀ። መልሳ አላላችው።

ከኋላዋ የኦሪን ቦት ጫማ በረዶው ላይ ሲንሲያጠጥ ሰማች። ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች። ግማሽ መንገድ መጣና ቆመ። ግሌንዳ ከወዲያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን እንዳለች ነፋሱ ወሰደው።

ማርሊስ አልዞረችም። ዳዶውን የፀጉር ያህል አዞረች፣ ከንፈሯን ወደ ቆርቆሮዋ አስጠጋች፣ ነፋሱም እስኪያርፍ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።