ለፍሪጁ የተሠራ ዳስ

የጋምቤላ ክልል ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ ለአንድ የጎግ ወረዳ ክሊኒክ ላምባ የማይጠጣ የክትባት ፍሪጅ መጣ። ጓሮው ውስጥ ምሰሶ ላይ ጥቁር የመስታወት ሰሌዳ ተተከለለት። ዘበኛው ይግዛው ግን ያ ሰሌዳ በጠራራ ፀሐይ ሲጠበስ እያየ አንጀቱ አልችል አለ። ከወሎ በሰፈራ ከመጣ ጀምሮ የሚያውቀው፣ እዚህ አገር እንዲቀዘቅዝ የተፈለገ ነገር ሁሉ ጥላ ሥር እንደሚቀመጥ ነው፤ እንስራው እንኳ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። ስለዚህ ነርሷ ፀዳለ ክትባት ልታመጣ ጋምቤላ ስትሄድ፣ ሣር አጭዶ ለሰሌዳው ያማረ ዳስ ሠራለት። ጆንያም አርሶ ደረበበት።

ፀዳለ ተመልሳ ፍሪጁን ስትከፍት ሙቀት ተቀበላት። ወደ ጓሮ ወጥታ ዳሱን ስታይ ሳቅና ንዴት ተናነቃት።

«ጋሽ ይግዛው፣ ምን አደረጉ? ይኼ እኮ ቅዝቃዜውን የሚሠራው ከፀሐይዋ ነው!»

«ሲስተር፣ አትቀልጂብኝ። ከእሳት በረዶ ይወጣል?»

እያጉረመረመም ቢሆን አፈረሰው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፀዳለ ከፍሪጁ የበረዶ ቁራሽ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ይግዛው በጣቶቹ ጨበጠው። የልጅነቱ የወሎ ውርጭ ነው፤ ያውም ጠዋት ማታ ከሚረግማት ፀሐይ የተሠራ።

በክትባቱ ቀን ሰልፍ ላይ የቆመች እናት ያዘለችውን ልጅ በነጠላዋ እየከለለች፣ «ወይ የዛሬዋ ፀሐይ፣ ልትፈጀን ነው!» ብላ አማረረች።

ይግዛው መሬቱን በዱላው መታ።

«አትስደቢያት! ሥራ ላይ ናት።»